የስቲኩ ጥፋት ወይስ የእጃችን?

የክበባችን የፑል ስቲክ ኳሱን ሲመታ ይንሸራተት ጀመር። ገሚሶቻችን «አዋጥተን አዲስ እንግዛ» አልን፤ ገሚሶቻችን «ቆዳው ብቻ ይቀየር»።

ለመሆኑ ያረጀው ምኑ ነው? ጠረጴዛው ላይ ስናንከባልለው ሳይንገዋለል ሄደ፤ እንጨቱ ደህና ነው ማለት ነው። ያለቀችው ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቆዳ ናት። ጠመኔውን ይዛ ኳሱን የምታሽከረክረውም እሷው ናት።

ስንሸነፍ ስቲኩን እንወቅሳለን፤ ስናሸንፍ ግን እጃችንን እንጂ ስቲኩን ያመሰገነ የለም። ደግሞስ አሮጌው የሁላችንም ነው፤ አዲሱ ግን ያዋጡት ሊሆን ነው፤ ኪሱ ባዶ የሆነው ጓደኛችን ዳር ቆሞ ይመልከት?

እንጨቱ ተጣሞ ቢሆን መግዛቱ ግድ ነበር። እንግዲህ ቆዳውን እንቀይር። ከዚያ ወዲያ ብንሸነፍ የማንን ጥፋት እናወራለን?