ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል የአገራችን ሰው። በቅሎን የሚያህል ሀብት ተረትቶ ቢሰጥ ይችለዋል፤ ሳይዳኝ የተነጠቀው ቁራሽ ግን ያንገበግበዋል። ጠበቆች ሆይ፣ ይህን ተረት በክርክራችሁ ስታጌጡበት ሰምቻለሁ። ዛሬ ለእናንተው ልጥቀሰው።

አንዲት እናት ችሎት ቆማ አየሁ። ከእናቷ የወረሰችው ሁለት ክፍል ቤት ተወስዶባታል። ሰነዶቿን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። የባላጋራዋ ጠበቃ ተነሣና «ክሱ በይርጋ ይታገዳል» አለ። ዳኛው መልስ እንድትሰጥ ጠየቋት። «ጌታዬ፣ ይርጋ የሚባል ሰው አላውቅም» አለች። ሰው ሳቀ። ከሳቁት መካከል ጠበቆች ነበሩ። ለመቃወሚያው መልስ የሚሆን ወረቀት ፌስታሏ ውስጥ ይኑር አይኑር ግን ያየላት አልነበረም።

እናንተ የሳቃችሁ፣ አታፍሩም? በጊዜው ያልተጠየቀ መብት በይርጋ እንደሚቀር ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጅባችሁ ነበር?

በወንጀል የተከሰሰ ድሃ ያለ ጠበቃ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 አዟል። ቤቷን የተነጠቀች ከሳሽ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የላትም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድሃ የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል እንዲከስ ፈቅዷል፤ በሩ ተከፍቶላታል። ከበሩ ወዲያ ግን በማታውቀው ቋንቋ ነው የሚያናግሯት።

እዚያ ልትቆሙላት የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንድታገለግሉ አዝዞ ነበር፤ የ2013ቱ የጥብቅና አዋጅም ነጻ አገልግሎትን ግዴታ አድርጎ አጽንቶታል። 50 ሰዓት በሳምንት ቢካፈል አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህችንም ሰስታችሁ በሪፖርት ወረቀት ብቻ የምታሟሉ አላችሁ። የጥብቅና ፈቃድ የሱቅ ፈቃድ መሰላችሁ?

ነገ ችሎት ስትገቡ በር ላይ ፌስታል ታቅፋ የቆመችውን አትለፏት። አጠገቧ ተቀምጣችሁ ወረቀቷን አንብቡላት፤ መልሷን ጻፉላት። ሕግ እያወቃችሁ ዝም ብላችሁ ጭብጦዋ ያለ ፍርድ ከሄደች፣ የእናንተም እጅ አለበት።