ጥርሱን ከመምረጥህ በፊት ጎማውን ለካ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢዬ ገብተህ «ጋሼ፣ ሞተሩ ደከመብኝ፤ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣውን የአንኮበር ዳገት አሁን በአንደኛም ያቃስታል» ስትለኝ ዝም ያልኩህ ሳልሰማህ ቀርቼ አይደለም። ዓይኔ የኋላ ጎማህ ላይ ነበር። ቸርኬው ተሰንጥቆብህ ከሌላ ሞተር ሳይክል የወለቀ ሙሉ ጎማ ከነኮሮናው፣ ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ጥርሳም ክብ ጋር፣ ገዝተህ ማስገባትህን የነገርከኝ በረካው ቀርቦ ልትነሳ ስትል ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ሞተርህ አልደከመም፤ ያላቅሙ እየጠየቅከው ነው እንጂ።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ሻጩም እንደዚያ ነው የመለሰልህ። የድሮው 17 ኢንች ነበር፣ ይኼ 18 ነው፣ ከፍ ይላል፣ ለድንጋይ መንገድ ይሻላል አለህ። ስለ ኮሮናው አንተም አልጠየቅከው፣ እሱም አልነገረህም። ተቀምጠን ስንቆጥር የድሮዋ ኮሮና 42 ጥርስ ነበራት፤ የአዲሱ ጎማ 39 ናት። ከሞተሩ ጎን ያለችው ፒኞን ያው 14 ናት።

ጥርስ መቁጠር ብቻውን ግን ግማሽ ሥራ ነው። ግቢው ውስጥ ያደረግነውን አስታውስ፤ ለጓደኞችህም አሳያቸው። ጎማውን በደንብ አስነፋን፤ አንተ ላዩ ላይ ተቀመጥክ። ጎማው መሬት በነካበት ቦታ ጎማውንም መሬቱንም በጠመኔ አሰመርኩ። ቀስ ብለህ ቀጥ አድርገህ ወደፊት ገፋህ፤ በጎማው ላይ ያለው መስመር ዞሮ መሬት ሲነካ ሁለተኛውን ምልክት አደረግኩና በሜትር ለካሁት፤ 191 ሴንቲ ሜትር። ጥግ የተጣለውን የድሮውን 17 ጎማ ደግሞ ለብቻው አንከባለልነው፤ 183 ወጣ።

አሁን ሒሳቡን እየው። ድሮ 42 ለ14 ሲካፈል 3 ነበር፤ ፒኞኗ ሦስት ጊዜ ስትዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። 183ን ለ3 ብታካፍለው፣ ፒኞኗ አንድ በዞረች ቁጥር 61 ሴንቲ ሜትር ትሄድ ነበር። ዛሬ 39 ለ14 ሲካፈል 2.79 ነው፤ 191ን ለዚያ ብታካፍለው ከ68 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በእያንዳንዷ ዙር ከሰባት ሴንቲ ሜትር በላይ ጨመርክበት። ስምንት ኩንታል የተጫነ ጋሪ ላይ ዘጠነኛ ኩንታል እንደ መጫን ነው። ፈረሱ አልታመመም።

«አንድ የማውቀው ልጅ ፒኞኗን በ13 ቀይራት፣ 39 ለ13 ያው 3 ነው ብሎኛል» ያልከኝን አስቤበታለሁ። አካፍሎ ያገኘው ትክክል ነው። ጎማው ግን ያው ጎማ አይደለም። 191ን ለ3 ስታካፍለው 64 ሊሞላ ምንም አይቀረው። የዛሬው 3 ከድሮው 3 ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አንድ አይደለም። ስለዚህ ሰው ይህን ያህል ጥርስ አስገባ ሲልህ፣ መጀመሪያ «በየትኛው ጎማ?» በለው።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ እኔው ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። እጄ ገና ሳይበስል፣ ገጠር ለገጠር የሚዞር አንድ የግብርና ባለሙያ ሞተር ሳይክሉን አመጣልኝ። የተገኘውን ሙሉ ጎማ ከነኮሮናው አስገብቼ፣ ጥርስ ሳልቆጥር አሰናበትኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሞተር ሳይክሉ በአይሱዙ ተጭኖ ተመለሰ። ፍሪሲዮኑን ስከፍተው የተቃጠለው ዘይት ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ዲስኮቹ ጠቁረው በጣቴ ሲነኩ እንደ ከሰል ይፈረፈራሉ። አንደኛ ማርሽ ስለረዘመበት ዳገቱን ሁሉ ፍሪሲዮን ግማሽ እየያዘ ነበር የወጣው። ከኪሴ ከፍዬ ጠገንኩለት። ሰውዬው በዚያ ብርድ፣ በጨለማ፣ ብቻውን ሞተር ሳይክል ሲገፋ እንዳመሸ ስሰማ የተሰማኝ ኀፍረት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የተፈታው ደግሞ በሰው ትከሻ ላይ ነበር።

አገራችንንም አትርሳ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ትንሽ ሞተር ደግሞ የሚበላው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ነው። ወደ አንኮበር ስትሄድ ከመውረድህ በፊት ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጫፍ ትሻገራለህ። ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው የሚመች ጥርስ፣ እዚህ አምስተኛውን ማርሽ እንዲያው ለጌጥ ያስቀምጥብሃል።

አባቶቻችን ይህን በእንስሳ ያውቁት ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ጭነት በረሃውን በግመል አቋርጦ እስከ ተራራው ግርጌ ይደርሳል። እዚያ ግመሉ ይራገፋል፤ ዕቃው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ አልዩ አምባን አልፎ ወደ አንኮበር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ የሃሪስ ጓዝም በዚሁ በኩል ነው የወጣው። ግመል ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የግመል እርምጃ ረጅም ነው፣ ዳገቱ የሚፈልገው አጭር እርምጃ ነው። ያንተ 68 ሴንቲ ሜትር የግመል እርምጃ ነው፣ ልጄ።

ደግሞ ሰው ሁሉ ጥርስ ሲመርጥ መውጣቱን ብቻ ያስባል። እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሁለት ሰው ወይም ጆንያ ጭነህ ስትወርድ፣ የሚይዝህ በሁለተኛ ማርሽ የሚያጉረመርመው ሞተር እንጂ ፍሬኑ ብቻ መሆን የለበትም። እርምጃው ሲረዝም ሞተሩ አይይዝህም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። የከበሮ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይለግማል፤ ፔዳሉን ትረግጠዋለህ፣ እሱ ግን አይሰማህም። እናትህ ማታ ማታ በር በሩን የምታየው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምርጫው። 14 ፒኞንህን እንዳለች ትተህ ከኋላ 44 ብታስገባ፣ ወደ 61 ሴንቲ ሜትርህ ትመለሳለህ፤ የድሮው ሞተር ሳይክልህ ነው። 46 ብታስገባ 58 ይሆናል። እኔ ላንተ የምመርጠው 46ን ነው፤ እንጀራህ ያለው አንኮበር መንገድ ላይ ነውና። «አዲስ አበባ ስሄድስ?» አልከኝ። በድሮው ጥርስ 80 በምትሄድበት የሞተር ድምፅ አሁን 76 ትሄዳለህ፤ ቤንዚንም ጥቂት ይጨምርብሃል። ይኸው ነው ዋጋው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። አዲስ አበባን በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምታያት?

ፒኞን መቀየር ርካሽ ነው፤ ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ እንደ መጨመር ነው። ግን ትንሿ ፒኞን ሰንሰለቱን አጥብቃ ታጥፈዋለች፣ ቶሎም ትበላዋለች። ከ13 በታች አትውረድ፤ 46 ካገኘህ ደግሞ ፒኞኗን አትንካት።

ሰንሰለቱን በሚመለከት፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ሆነሃል። ባለ 39 ጥርሷ ኮሮና ስትገባ ሰንሰለቱ ረዘመ ተብሎ ሁለት ዓይን ተቆረጠለት። አሁን ለ46 አይደርስም። አሮጌው ላይ አዲስ ዓይን አትቀጥል፤ ሰንሰለት፣ ፒኞንና ኮሮና አንድ ላይ ይገዛሉ፣ አንድ ላይ ያረጃሉ። ጎኑ ላይ 428 የሚል መኖሩን እይ፤ 520 ከሆነ ዓይኑ ረጅም ነው፣ ያንተ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ስትገጥመው የማያያዣው ቁልፍ ድፍን ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት ይዙር። መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፋው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይላላ፤ እንደ ክራር ጅማት አትወጥረው፣ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

አንድ ነገር ግን ከጥርሱም ይብሳል። ከሌላ ሞተር ሳይክል የመጣ ጎማ ቡሹ ካልተስተካከለ ኮሮናው ከፒኞኗ ጋር ፊት ለፊት አይተያዩም። ክር ወጥረህ ከኮሮናው ጎን ወደ ፒኞኗ አስኪደውና እይ፤ ካፈነገጠ ቡሹን በቶርኖ አስልከህ አሠራ። የፍሬኑን ሳህን ከኋላው ክንድ ጋር የሚያስረው ዘንግ መታሰሩን በእጅህ ነካክተህ አረጋግጥ። እሱ ከሌለ ፍሬን ስትይዝ ሳህኑ ራሱ ይዞራል፤ ጎማው ይቆልፍና ይጥልሃል። ያንተን ዘንግ እሑድ አይቼዋለሁ፤ አንዱ ዳዶ በእጅ ብቻ ነው የጠበቀው። ዛሬውኑ በቁልፍ አጥብቀው፣ እስከዚያም ሰው አትጫንበት።

ቅዳሜ ጠዋት ና። የድሮዋን 42 ኮሮና ይዘሃት ና፤ የቡሎን ቀዳዳዎቿን ከአዲሱ ጎማ ጋር አስተያይተን ነው 46ን የምንፈልገው፤ ቀዳዳው ካልገጠመ ገንዘብህን አታወጣም። ክሩ፣ ሜትሩና ጠመኔው እኔ ጋ አሉ።