በጥናት ሰዓት የሚመጣ ፈተና



የዩኒቨርሲቲ ፈተና በተቃረበ ቁጥር ወደ ቁምስናችን የሚመጡ ወጣቶች ይበዛሉ። አንዳንዱ እስክሪብቶ ያስባርካል፤ ሌላው ሻማ ያበራል፤ ስለት የሚሳልም አለ። በዚህ ማንም ቅር ሊሰኝ አይገባም፤ ሰው በተጨነቀ ጊዜ ወደ አምላኩ መምጣቱ መልካም ነውና። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ባለፈው ዓመት፦ «አባ፣ መጽሐፉን ስከፍት ልቤ ወደ ጸሎት ይሳባል፤ ጥናቱንም ትቼ መዝሙረ ዳዊት እደግማለሁ። ይህ የእግዚአብሔር ጥሪ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

መልሱን ከራሴ አላመጣሁትም፤ የቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላን ታሪክ ነገርኩት።

ኢግናጢዮስ የላቲን ሰዋስው መማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1524 በባርሴሎና ከተማ፣ ዕድሜው ከሠላሳ ካለፈ በኋላ ነው። ቃላቱን በቃሉ ለመያዝ ሲደክም አዲስ መንፈሳዊ ማስተዋልና ጣዕም ይመጣበትና ልቡን ይወስድበት ነበር። የቱንም ያህል ቢታገል ሊያስወግደው አልቻለም። ኋላ ግን አንድ ነገር ልብ አለ፤ እንዲህ ያለው ብርሃን በጸሎትና በቅዳሴ ጊዜ እንኳ አይመጣለትም። ያን ጊዜ ነገሩ ፈተና መሆኑን ተረዳ። መምህሩን ወደ ሳንታ ማሪያ ዴል ማር ቤተ ክርስቲያን ወስዶ የሆነበትን ሁሉ ገለጠለት፤ በባርሴሎናም የሚበላው እንጀራና የሚጠጣው ውኃ እስካገኘ ድረስ ሁለቱን ዓመታት ከትምህርቱ ላይቀር ቃል ገባለት። ከዚያ ወዲህ ያ ፈተና አልተመለሰበትም።

እንግዲህ አስተውሉ። ጠላት ይህን ሰው የያዘው በመጠጥ ወይም በጨዋታ አልነበረም፤ በመንፈሳዊ ነገር፣ ግን ያለ ሰዓቱ በመጣ መንፈሳዊ ነገር ነበር። የዛሬው ተማሪ በስልኩ ሲዘናጋ ጥፋቱን ያውቀዋል። በጸሎት ስም ከመጽሐፉ ሲሸሽ ግን ማን ይነግረዋል?

እ.ኤ.አ. በ1528 ወደ ፓሪስ በሄደ ጊዜም ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ሰዋስውን እንደገና ጀመረ። ያድርበት የነበረው የድሆች ማረፊያ ከትምህርት ቤቱ የራቀ ነበር። ትምህርቱ ጎሕ ሳይቀድ ይጀመራል፤ የማረፊያው በር ግን ያን ጊዜ ገና ዝግ ነው። የዕለት ምጽዋት መለመኑም ቀኑን ይበላበት ነበር። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ፍላንደርስ እየሄደ የዓመቱን ስንቅ ለምኖ መመለስ ጀመረ። ቅዱሱ ትጋት አልጎደለውም፤ የጎደለው ሰዓት ነበር፤ እርሱንም ፈልጎ አገኘ።

የእርሱ መንፈሳዊ ልጆች የሆኑ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን፣ በአባ ሉሲየን ማት መሪነት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አደራጅተዋል። ስለዚህ ታሪኩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ልጆቻችን ዛሬ የሚሸከሙትም ሸክም ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ብዙው ባልመረጠው የትምህርት ክፍል ተመድቦ ይማራል፤ «ተመርቀህስ ሥራ የት አለ?» የሚለው ቃል ደግሞ ልቡን ያዝለዋል። ለእነዚህ «በርቱ» ማለት ብቻ ምን ይጠቅማል? ኢግናጢዮስም ሰዋስውን ስለ ወደደው አልጸናም፤ ነፍሳትን ለመርዳት እንደሚያስፈልገው አውቆ ነው። ነርስ ለመሆን የምታጠና ልጅ ገና ያላየችው በሽተኛ አላት፤ የመድኃኒቱን መጠን ዛሬ ካልያዘችው ያ ሰው ይጎዳል።

ስለ ኩረጃም አንድ ቃል ልጨምር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያሉት ልባሞች ደናግል ዘይታቸውን አለማካፈላቸው አንዳንዶችን ያስከፋል። ነገር ግን በሌሊት የማይበደሩት ነገር አለ፤ የሌላ ሰው እውቀት ከወረቀቱ አልፎ ወደ ገልባጩ አይገባም።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በፈተና ሰሞን የመዘምራንን ልምምድ እስከ ምሽት የምናራዝም እኛው ነን። የቀረውንም ልጅ በምእመናን ፊት እንወቅሳለን። የወጣቱን ጥያቄ በሰማሁ ጊዜ ከጥፋቱ ከፊሉ የእኛ መሆኑ ታወቀኝ። ከሚቀጥለው የፈተና ወር ጀምሮ ልምምዱ በእሑድ ብቻ እንዲወሰን እለምናችኋለሁ። ደግሞም በየቤቱ በአንድ ክፍል ከታናናሾቹ ጋር የሚያጠና ተማሪ ብዙ ነው። የቁምስናችን አዳራሽ ግን መብራትና ወንበር እያለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ይውላል፤ ቁልፉም ያለው በእኛው እጅ ነው።