ያረጀ ቦይለር፤ ቁጠባው የማን? አደጋውስ የማን?



የሰው ልጅ ሥነ ምግባር የሚፈተነው በታላላቅ ጉዳዮች ብቻ እንዳልሆነ እሙን ነው። በመታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የውሃ ማሞቂያ፣ በተለምዶ ቦይለር የምንለው፣ ሲያረጅ «ይጠገን ወይስ ይለወጥ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የገንዘብ ነው፤ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን የአማና ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ዕቃው ቅንጦት ነው ብለን አንነሣ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ ለሱብሒ ሰላት ተነሥተው ውዱእ ለሚያደርጉ አባትና እናት የሞቀ ውሃ ታላቅ እፎይታ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ቦይለር ይኑረን አይኑረን ሳይሆን፣ ባረጀ ጊዜ በምን ሚዛን እንመዝነው የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ሰዎች በሁለት ጽንፍ ሲቆሙ እናያለን። የመጀመሪያው ወገን ጎረቤቱ አዲስ ስለ ገዛ ወይም ዕቃው ስለ ደበዘዘበት ብቻ ደህናውን አውልቆ ይጥላል። ይህ ኢስራፍ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ ቢቃጠል፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቢበላሽ፣ ጎሚኒው ቢያልቅ፣ እነዚህ ሁሉ ተለይተው የሚለወጡ ናቸው። በታንኩ ውስጥ ያለው የማግኒዚየም ዘንግም ዝገቱ ታንኩን እንዳይበላ በምትኩ እንዲበላ ተብሎ የተቀመጠ ስለሆነ፣ በጊዜው ከተቀየረ የዕቃውን ዕድሜ ያረዝማል። «አዲሱ መብራት ይቆጥባል» የሚለውም ምክንያት በኤሌክትሪክ ቦይለር ላይ ያን ያህል አያስኬድም። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህ በአዲሱም በአሮጌውም ያው ነው። አሮጌው የሚያባክነው በሳሳ ሽፋኑ በኩል የሚያመልጠውን ሙቀት ሲሆን፣ በማይፈለግበት ሰዓት በማጥፋት አብዛኛውን መቀነስ ይቻላል።

ሁለተኛው ወገን በተቃራኒው «እስኪሞት ድረስ ይሥራ» ባይ ነው። ታንኩ ራሱ ዝጎ ሲያንጠባጥብ ያስበይደዋል። የብየዳው እሳት የውስጡን የኢናሜል ሽፋን ስለሚያቃጥለው ግን ብዙ ሳይቆይ በሌላ በኩል ይበሳል። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ጠብ ጠብ ሲል «ውሃ አባከነ» ብሎ ይደፍነዋል። ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በመቶ 1.5 ያህል ይጨምራል፤ በ80 ሊትር ታንክ ከአንድ ሊትር በላይ ማለት ነው። ያች ጠብታ እንግዲህ ብልሽት ሳትሆን የቫልቩ ሥራ ነበረች። መውጫው ተዘግቶ ቴርሞስታቱም አልቆርጥ ያለ ዕለት ታንኩ ሊፈነዳ ይችላል። የመሬት ሽቦውንም ከነአካቴው የሚረሳው ብዙ ነው። «ፊውዝ አለን» ማለት ዋስትና አይሆንም። 16 አምፔር ሲያልፍ የሚቆርጠው ማብሪያ የተሠራው ሽቦውን ከመቃጠል ለማዳን ነው። ሰውን ለማዳን የሚሠራው መቁረጫ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚያጠፋው ነው። በሁለቱ መካከል ከ500 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ።

ታዲያ ሚዛኑ ምንድን ነው? የዕቃው ዕድሜ አይደለም። የተበላሸው የሚያሞቀው ክፍል ነው ወይስ የሚጠብቀው? ብለን እንጠይቅ። የሚያሞቀው ከተበላሸ ጉዳቱ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ደመወዝ እስኪወጣ መታገሥ፣ ርካሹን ጥገና መምረጥ የባለቤቱ መብት ነው። የሚጠብቀው ከተበላሸ ግን፣ ማለትም ቫልቩ፣ የመሬት ሽቦው፣ ታንኩ ራሱ ከሆነ፣ ለአንዲት ቀን እንኳ ማቆየት አይገባም። ታንኩ ከተበሳ ይለወጥ፤ ሌላው ይጠገን።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የሚቆጥበውና አደጋውን የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ገንዘቡን የሚቆጥበው አከራዩ ነው፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ቧንቧውን የሚከፍተው ተከራዩ ነው። የቤቱ ጌታ «ትንሽ ይነዝራል፣ ተጠንቀቂ» ይላል፤ የምትነዘረው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሰው በገዛ ራሱ ምቾት ላይ ቢቆጥብ ይመሰገን ይሆናል። በሌላው ነፍስ ላይ የቆጠበውን ግን ቆጣቢ ልንለው እንችላለን? በእንግሊዝ አገር ብዙው ቤት የሚሞቀው በጋዝ ቦይለር ሲሆን፣ በደንብ ያልተቃጠለ ጋዝ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እያመነጨ የተኛን ሰው ይገድላል። ስለሆነም በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የጋዝ ደህንነት ደንብ አከራዩ በየዓመቱ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲያስመረምርና የምርመራውን ወረቀት ለተከራዩ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ተከራዩ ኪራይ የከፈለው ለጣራው ብቻ አይደለም፤ ከነልጆቹ በሰላም ተኝቶ ለመነሣትም ነው። ለዚህ ፍርድ የውጭ አገር ደንብ መጠበቅ አለብን? ጉዳትን መከልከል ከዲናችን መሠረቶች አንዱ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?

«የምገዛበት ከሌለኝስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዛሬውን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው መልሱ ቀላል ሊመስለው አይገባም። ነገር ግን ምርጫው መጠገንና መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛም አለ፤ ማጥፋት። ሶኬቱን ነቅሎ ውሃን በድስት ማሞቅ ያደክም ይሆናል እንጂ አይገድልም። ማጣት ከመግዛት ግዴታ ነፃ ያወጣል፤ በሌላው ሕይወት ላይ አደጋ ለመደቀን ግን ፈቃድ አይሆንም። «ቀደር ነው» ማለትም ግመልን ሳያስሩ ተወከልኩ እንደ ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ አዲስ የገዛ ሰውም ኃላፊነቱ አላበቃም። ታንኩ የተበሳውን ወይም የሚነዝረውን አሮጌ ቦይለር «ይሠራል» ብሎ ለሌላ ድሃ መሸጥ አደጋውን ከራስ ቤት ወደ ሰው ቤት ማዛወር ነው። የዕቃን ዐይብ ደብቆ መሸጥ ማጭበርበር መሆኑን ነጋዴዎቻችን አሳምረው ያውቁታል። ቆራሌው በብረትነቱ ይውሰደው፤ ገመዱ ግን ተቆርጦ፣ ጉድለቱም ተነግሮት ይሁን።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ዛሬ ቦይለርህን፣ ቦይለርሽን ቀና ብሎ መመልከት ብዙ ጊዜ አይወስድም። ቫልቩ ተደፍኗል? የመሬት ሽቦው አለ? ከሥሩ የሚያንጠባጥበው ታንኩ ነው ወይስ ጎሚኒው? መልሱን ለማወቅ ታማኝ ባለሙያ መጥራት የሚያስወጣው ገንዘብ ከኢስራፍ አይቆጠርም።

ወሏሁ አዕለም።