መዝገቡ የሚያውቀውና እኛ የምናውቀው



ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የ19 ዓመት ወንድማችን ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠበቀኝ። "ወንድሜ፣ አንተ ኢንጂነር ነህ፤ እነዚህን ሲስተሞች ታውቃቸዋለህ። ባንኩ ስሜ ላይ የጻፈው ነገር መቼ ነው የሚጠፋው?" አለኝ። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ የእሱንም የባንኩንም ስም ግን ትቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሚያውቀው ልጅ "የእኔ አካውንት ተዘግቷል፤ ይህን ቼክ በአንተ አስገባልኝ፣ 200 ዶላር ለአንተ ይሆናል" ይለዋል። ቼኩን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስገባል። በማግስቱ ገንዘቡ አካውንቱ ላይ ታየ፤ አውጥቶ ሰጠው። ሳምንት ሳይሞላ ቼኩ የተሰረቀ መሆኑ ታወቀ። ባንኩ አካውንቱን ዘጋ፣ 1,800 ዶላር ዕዳ ጻፈበት፣ የማጭበርበር ምልክትም አስመዘገበበት። ሌላ ባንክ ሲሄድ አልቀበልህም አለው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ቤት መከራየቱ፣ ሥራ መቀጠሩ፣ የእናቱ የዜግነት ማመልከቻ ሳይቀር በዚህ የሚበላሽ መሰለው።

እኔም እንደ ኢንጂነር መለስኩለት። ባንኮች አዲስ አካውንት ከመክፈታቸው በፊት የሚያዩዋቸው መዝገቦች እንዳሉ፣ አንዱ ቼክስሲስተምስ፣ ሌላው ኧርሊ ዋርኒንግ ሰርቪስስ እንደሚባሉ ነገርኩት። ቼክስሲስተምስ እንዲህ ያለውን መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት ያቆየዋል። በክሬዲት ሪፖርት ላይ ደግሞ አብዛኛው መጥፎ መረጃ እስከ 7 ዓመት ይቆያል። የእናትህ ማመልከቻ የእናትህ ነው፣ ከዚህ ጋር አታገናኘው አልኩት። "5 ዓመት!" አለና ራሱን ይዞ ቀረ።

በሬኒየር አቬኑ ወደ ቤቴ ስነዳ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጁ የጠየቀኝ ምልክቱ መቼ እንደሚጠፋ ነው፤ እኔም የመለስኩለት ስለ ምልክቱ ብቻ ነው። ቼኩ ላይ ስሙ ስለተጻፈው ሰው ሁለታችንም ምንም አላነሳንም።

ስለዚህ ዛሬ ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህን ነው። መዝገብ ላይ "አጭበርባሪ" ተብሎ መጻፍን ስንፈራ፣ የምንፈራው መባሉን ነው ወይስ መሆኑን?

መባል መሆን አይደለም

በመጀመሪያ የምልክቱን ልክ እንወቅ። ምልክት ግምት እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። ግምት ደግሞ እንደሚሳሳት የእኛ ከተማ ከብዙዎች በፊት አይታለች። ኖቬምበር 7 ቀን 2001 የፌዴራል መርማሪዎች አል-በረካት የተባለውን የሶማሌዎች የሐዋላ ድርጅት ቢሮዎች በተለያዩ ከተሞች በአንድ ቀን ሲዘጉ፣ አንዱ እዚሁ ሲያትል ነበር። አጠገቡ የነበሩ ሱቆች ዕቃ ጭምር ተጭኖ ተወሰደ። በ2004 የሴፕቴምበር 11 ኮሚሽን ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት ግን ድርጅቱ ሽብርን ስለመርዳቱ ቀጥተኛ ማስረጃ እንዳልተገኘ ጻፉ።

በ2002 ደግሞ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የሲያትል ሶማሌ ባለሱቆችን በፉድ ስታምፕ ማጭበርበር ጠርጥሮ ከፕሮግራሙ አገዳቸው። ማስረጃው ኮምፒውተር የለየው የግብይት ሁኔታ ነበር፤ ለትንሽ ሱቅ የማይመስል ትልልቅ ሂሳብ ታየ። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ የወሩን ሐላል ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲገዛ ሂሳቡ ስንት እንደሚመጣ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። ባለሱቆቹ ተከራከሩ፤ በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን ሻረ።

ይህ የሚሆነው የግድ በክፋት አይደለም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሲስተም አንድ ሚሊዮን ክፍያዎችን ይመረምራል እንበል፤ ከእነሱ ውስጥ 1,000ው ማጭበርበር ነው። ሲስተሙ ከመቶ 99 ጊዜ ትክክል ቢሆን 990ውን ይይዛል። ከቀሩት 999,000 ንጹሕ ክፍያዎች ደግሞ አንድ በመቶውን፣ ማለትም 9,990ውን፣ በስሕተት ይይዛል። ምልክት ከተደረገባቸው ወደ 11,000 ከሚጠጉት ውስጥ ጥፋተኛው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ጎበዝ የሆነ ሲስተም እንኳ ከሚይዛቸው የሚበዙት ንጹሐን ናቸው ማለት ነው።

በእኛ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የአባታችን ስም እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ትምህርት ቤት ሌላ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። በስደት የመጡ ብዙ ወላጆቻችን የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው። ስማቸው ሙሐመድ አሕመድ፣ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 የሆነ ሁለት ሰዎችን መዝገብ ቢያምታታቸው ምን ይገርማል? በ2011 ሰርጂዮ ራሚሬዝ የተባለ ሰው መኪና ሊገዛ ሲሄድ፣ የትራንስዩኒየን ሪፖርት በስሙ መመሳሰል ብቻ ከመንግሥት የማዕቀብ ዝርዝር ጋር ስላገናኘው ሻጩ አልሸጥለትም አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እንደሱ የደረሰባቸው 8,185 ሰዎች በክሱ ተካተው ነበር፤ በ2021 ፍርድ ቤቱ ካሣ መጠየቅ የሚችሉት ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላለፈባቸው 1,853ቱ ብቻ ናቸው አለ።

ስለዚህ ምንም ሳታጠፉ ምልክት ቢገኝባችሁ፣ የሚጠብቃችሁ የወረቀት ሥራ ነው። አድካሚ ነው፣ ያናድዳል፤ ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም። ባልሠራው ሥራ የሚያፍር ሰው የሌላውን ስሕተት በራሱ ላይ ይፈርማል።

ግምቱ ትክክል ሲሆንስ?

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በማርች 2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተበላሽቶ ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በስልክ ተዳረሰ፤ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ያለአግባብ የወጣው ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሚደርስ ተናገረ። ከዚያም መልሱ ብሎ ለመነ፤ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ይፋ አወጣ። ብዙዎቻችሁ ያኔ ቪዲዮውን እያያችሁ ስቃችኋል፤ እኔም ስቄያለሁ።

እስኪ ሦስት ተማሪዎችን አስቡ። አንደኛው ጎህ ሲቀድ ልቡ አልችል ብሎት ማንም ሳይጠይቀው መለሰ። ሁለተኛው ፎቶው እንዳይለጠፍ ፈርቶ መለሰ። ሦስተኛው አልመለሰም፤ ግን በአንድ አጋጣሚ ስሙ ከዝርዝሩ ቀረ። የባንኩ መዝገብ ሦስቱንም እኩል "ንጹሕ" ይላቸዋል። ሦስቱ ግን አንድ እንዳልሆኑ ለማወቅ ዓሊም መሆን አያስፈልግም። የመጀመሪያው አማና የሚባለውን ነገር ያውቃል። ሁለተኛው መልካም ሥራ ሠርቷል፤ የጠበቀው ግን ስሙን ነው። ሦስተኛው ስሙ ጠራ፤ በእጁ ያለው ግን የሰው ሐቅ ነው፣ 5 ዓመትም 7 ዓመትም አያጠፋውም። ተውባ የሰው ሐቅ ሲኖርበት ሐቁን መመለስን እንደሚጨምር በልጅነታችን ተምረነዋል።

"የሁለተኛው ፍርሃት ምን ይጎዳል? ገንዘቡ ተመልሷል" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ለባንኩ ልዩነት የለውም። ሕግና መዝገብ የሚያስፈልጉትም ሰው ሁልጊዜ እንደ አንደኛው ስለማይሆን ነው። ለራሱ ለልጁ ግን ልዩነት አለው። ስሙን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ስሙ የተበላሸ ቀን የሚጠብቀው ነገር ያልቅበታል። ያኔ ነው "ካፈርኩ አይመልሰኝ" የሚመጣው። አንዴ አጭበርባሪ ተብያለሁ፣ ከዚህ ወዲያ ምን እንዳልባል ነው? ይላል። ሁለተኛ ቼክ የሚያስገቡ ልጆች ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው በኋላ ይህን ያሉ ናቸው።

ሁለት ሥራ

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ጭንቀቱን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ የወረቀት ሥራ፣ ሌላው የኅሊና ሥራ ነው። አንዱን በሌላው ለመጨረስ አትሞክሩ።

የወረቀቱ ሥራ ሥርዓት አለው። በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ የሚጠቅሙ መብቶችን ይሰጣችኋል። በሪፖርት ምክንያት የከለከላችሁ ድርጅት የትኛውን መዝገብ እንዳየ ሊነግራችሁ ይገባል። ከቼክስሲስተምስም ከኧርሊ ዋርኒንግም ሪፖርታችሁን በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስሕተት ካለ በጽሑፍ ተከራከሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መመርመር አለባቸው። ተመርምሮም ካልተስተካከለ የራሳችሁን አጭር መግለጫ መዝገቡ ላይ ማስገባት ትችላላችሁ። በተጨማሪ "ፍሮድ አለርት" የሚባለውን አትፍሩት፤ እሱ ሌላ ሰው በስማችሁ እንዳይበደር ራሳችሁ የምታስመዘግቡት መጠበቂያ ነው። ነገሩ ወደ ክስ የሚሄድ ከመሰላችሁ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት የሕግ ምክር ጠይቁ፤ የኪንግ ካውንቲ ጠበቆች ማኅበር ነጻ የምክር ክሊኒኮች አሉት። አንድ ነገር ደግሞ ለታናናሾቻችሁ ንገሩ፤ የቼክ ገንዘብ በማግስቱ አካውንት ላይ መታየቱ ቼኩ ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም።

የኅሊናው ሥራ ቅጽ የለውም፤ ጥያቄ ግን አለው። ምልክቱ ዛሬ ማታ ቢጠፋ ጭንቀቴ አብሮ ይጠፋል? ምንም ያላጠፋ ሰው "አዎ" ቢል እውነቱን ነው፤ ይተኛ። ያጠፋ ሰው "አዎ" ካለ ግን ገና አልጀመረም።

ሦስተኛም አለ፤ እሱ የሁላችንም ነው። የባንክ መዝገብ ጨካኝ ብንለውም ቢያንስ የመከራከሪያ መንገድና የሚያበቃበት ዓመት አለው። በዋትስአፕና በቴሌግራም ግሩፖቻችን "እሱን ልጅ ተጠንቀቁት" ብለን የምንጽፈውስ? መከራከሪያ የለውም፣ ዓመትም አይቆጠርለትም፣ እህቱ ስትዳር እንኳ ይነሳል። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የተባልነው እኛ ነን፤ ኮምፒውተሩ አይደለም። በማሽን ግምት መቆጠር የሚያንገሸግሸው ሰው ወንድሙን በግምት አይቁጠር።

ልጁን በሚቀጥለው ጁሙዓ አገኘሁት። "ቼኩ ላይ የማን ስም ነበር?" አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። "የአንዲት ሴት። ስሟን አስታውሳለሁ" አለ። ያን ሁሉ ሌሊት ስለ ራሱ ስም ሲጨነቅ የእሷም ስም ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። ሴትየዋ ገንዘቧን ከባንኳ ታግኝ አታግኝ ማወቅ አልቻለም። የእሱን ባንክ ደውሎ በየወሩ 150 ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ 200 ዶላሩን ደግሞ በእጁ ማቆየት ስላልፈለገ ምን ማድረግ እንዳለበት ኢማሙን ጠየቀ። ቼኩን ከሰጠው ልጅ ጋር ያለውን ጉዳይ ደግሞ ጠበቃ አማክሮ ይዞታል።

ምልክቱ ይህን ስጽፍ አሁንም አለ። ከፍሎ ሲጨርስ ዕዳው "ተከፍሏል" ይባላል እንጂ ጊዜው እስኪደርስ ላይሰረዝ ይችላል። ባለፈው ሳምንት ግን ስለ 5 ዓመቱ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ታናሽ ወንድሙ አካውንት ሲከፍት ምን ብሎ እንደሚመክረው ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። አላህ መዝገባችንንም ሥራችንንም ያሳምርልን። ወላሁ አዕለም።