ለስልካችን መድን መግባት ይገባናልን?



በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በጎንደር ከተማ በዐፄ ፋሲለደስ የጥምቀት ባሕር ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የተባረከው ውኃ በሕዝቡ ላይ በሚረጭበት ጊዜ ብዙው ሰው አንድ እጁን ወደ ውኃው ሲዘረጋ በሌላው እጁ ስልኩን ከልብሱ ሥር ይሸሽጋል። ነገሩ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ በብዙ ድካም የተገዛን ዕቃ ከውኃ መጠበቅ ተገቢ ነውና። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ በእጃችን ሲገባ ስለ ዕቃው የምንሸከመው ሥጋትም አብሮ እንደሚገባ ይህ ትንሽ ትዕይንት ያሳያል።

ታዲያ ይህንን ሥጋት ገንዘብ ተቀብሎ የሚሸከምልን ሲመጣ ምን እንመልስለት? በውጭው ዓለም ስማርት ስልክ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በላይ ጥቂት ጨምሮ የጥገና መድን እንዲገባ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 አፕል ኬር ፕላስ በሚል ስም የጀመረው አገልግሎት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ገዢው በቅድሚያ 99 ዶላር ይከፍል ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስልኩ በአደጋ ቢጎዳ እስከ ሁለት ጊዜ ይጠገንለታል፤ ነገር ግን በየጊዜው ተጨማሪ 49 ዶላር መክፈል ነበረበት። በአገራችን ይህ ዓይነቱ መድን እንደ መኪና መድን ገና አልተለመደም። ዳሩ ግን በባዕድ አገር የሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ስልክ ገዝተው በሚልኩልን ጊዜ ጥያቄው ወደ ቤታችን መድረሱ አልቀረም።

ከደባርቅ አካባቢ የመጣ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይህንኑ ጥያቄ አቅርቦልን ነበር። በውጭ አገር የሚኖር ወንድሙ ስልክ ሊገዛለት አስቦ፣ «መድኑንም ልግዛልህ ወይስ ገንዘቡን ልላክልህ?» ሲል ጠይቆታል። መምህሩ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው፤ የቤተሰቡን የዓመት የጤና መድን መዋጮም ገና አልከፈለም። እንግዲህ ጥያቄው የስልክ ብቻ አልነበረም። ገንዘቡ ለአንደኛው ከዋለ ከሌላው ይጎድላል።

መልስ ከመስጠታችን በፊት መድን ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባናል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የመድንን ምንነት በአጭሩ ተናግረውታል። በየሰፈራችን ያለው እድር በዚሁ ሐሳብ የቆመ ነው፤ ሞት ለአንድ ቤት የሚያመጣውን ወጪ ብዙ ቤቶች በየወሩ በሚያዋጡት ጥቂት ገንዘብ ይካፈሉታል። በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በለንደን ከተማ በኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት ይሰበሰቡ የነበሩት ነጋዴዎችና ባለመርከቦችም የባሕርን አደጋ የሚከፋፈሉት እንዲሁ ነበር። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድንን ውል በዝርዝር ደንግጓል፤ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቁሟል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ለግል መድን ኩባንያዎች በሩን ከፍቷል። መልኩ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ የአንዱን ሸክም ለብዙዎች ማከፋፈል።

ይሁን እንጂ ማከፋፈሉ ራሱ ዋጋ አለው። መድን ሰጪው ለሠራተኛው፣ ለጽሕፈት ቤቱና ለትርፉ የሚሆነውን ከአረቦኑ ላይ ያስቀራል። ስለዚህ መድን ገቢዎች ሁሉ በአንድነት የሚከፍሉት፣ ሁሉም በአንድነት በካሳ መልክ ከሚቀበሉት ይበልጣል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የአገልግሎት ዋጋ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ለአንድ ሰው የሚከብድ መሆኑን ሳንመረምር ይህንን ዋጋ መክፈል የለብንም።

ለማስረዳት ያህል አንድ ስሌት እንውሰድ፤ አኃዞቹ የምሳሌ ናቸው እንጂ የማንም ድርጅት ዋጋ አይደሉም። 20,000 ብር የሚያወጣ ስልክ አለን እንበል። የዓመቱ አረቦን 2,000 ብር ነው፤ ጉዳት ሲደርስ ባለቤቱ ከራሱ የሚሸፍነው ድርሻ 3,000 ብር ነው፤ የተሰበረ ስክሪን ማስቀየሪያው 6,000 ብር ነው። ስክሪኑ ቢሰበር መድን ሰጪው የሚከፍለው ቀሪውን 3,000 ብር ብቻ ነው። በሦስት ዓመት 6,000 ብር አረቦን የከፈለ ሰው ገንዘቡን የሚመልሰው በእነዚህ ዓመታት ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ከተሰበረ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰበረበት ሰው 3,000 ብር ከስሯል፤ ጨርሶ ያልተሰበረበት ደግሞ ስክሪን የሚያስቀይርበትን ገንዘብ በሙሉ ለሌላ ሰጥቷል።

«እንግዲያውስ መድን ሁሉ ኪሳራ ነው» የሚል ቢኖር ግን ተሳስቷል። ዳንኤል ቤርኑሊ የተባለው የስዊስ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1738 በታተመ ጽሑፉ ይህንን ጉዳይ መርምሮታል። አንድ ነጋዴ 10,000 ሩብል የሚያወጣ ዕቃ በመርከብ ያስመጣል፤ ከ100 መርከብ 5ቱ ይሰጥማሉ፤ መድን ሰጪው 800 ሩብል ይጠይቃል። በአማካይ የሚጠበቀው ጉዳት 500 ሩብል ብቻ ስለ ሆነ ዋጋው ውድ ነው። ቢሆንም ቤርኑሊ እንዳሰላው፣ ነጋዴው ከዕቃው ሌላ ያለው ሀብት ከ5,000 ሩብል ጥቂት ከሚበልጥ መጠን በታች ከሆነ መድኑን መግባቱ ይሻለዋል፤ ከዚያ በላይ ካለው ግን አደጋውን ራሱ ቢሸከም ይጠቀማል። ምክንያቱም ያው የገንዘብ መጠን ለባለጠጋና ለድኻ እኩል አይመዝንም። አንዱን የሚያስከፋው ጉዳት ሌላውን ይጥላል።

ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን «ስልኬ ይሰበር ይሆን?» ብለን አይደለም፤ ስልክ ይሰበራልና። «ቢሰበር ሳልወድቅ ልቆም እችላለሁን?» ማለት ይገባናል። ለደመወዝተኛው የስክሪን መሰበር የአንድ ወር ቅሬታ ነው። በስልኳ ደንበኛ እየተቀበለች ገንዘቧንም በቴሌብር እያንቀሳቀሰች ልጆቿን ለምታሳድግ ነጋዴ ግን ያው ስብራት የሥራ መሣሪያን ማጣት ነው። የመጀመሪያው ሰው መድን ባይገባ ብልኅ ነው፤ ሁለተኛዋ ብትገባ አትነቀፍም።

መድኑ ይጠቅመኛል የሚል ሰው ደግሞ ውሉን አንብቦ ይፈርም። ጥገናው የሚሰጠው የት ነው? የደባርቅ ሰው ወደ ጎንደር ለመምጣት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥገናው በዋና ከተማ ወይም በባሕር ማዶ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ መድኑ ለደጋው ሰው ከወረቀት አያልፍም። ስርቆትና ውኃስ በውሉ ውስጥ ተካትተዋልን? ካሳውስ ስልኩ በተገዛበት ዋጋ ነው ወይስ በተጎዳበት ቀን በነበረው ዋጋ? የንግድ ሕጋችን የንብረት መድን ካሳ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ያረጀ ስልክ በአዲስ ይተካልኛል ብሎ መጠበቅ እንግዲህ ከንቱ ነው። የመለዋወጫውም ዋጋ ባለበት አይቆምም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚመጣ ስክሪንም ከዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም። ውሉ ካሳውን በተወሰነ የብር መጠን የገደበ ከሆነ አረቦኑ ተከፍሎ ሳለ ጥገናው ላይሞላ ይችላል።

መድን የማይመልሰውም ነገር አለ። መስታወቱ ይተካ እንደ ሆነ እንጂ በውስጡ የነበረው የሟች አባት ድምፅ፣ የልጆች ፎቶግራፍ አይተካም፤ እነዚህን አስቀድሞ በሌላ ቦታ መቅዳት ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት በተነሣ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ስክሪኑ ደኅና ነበር፤ ስልኩ ግን ከባሕር ማዶ ያለችውን እኅት ፊት ማሳየት አልቻለም። ልናጣው የምንፈራው ነገር ብዙ ጊዜ ከዕቃው ባሻገር ያለው ሰው ነው፤ መድን ግን የሚያውቀው ዕቃውን ብቻ ነው።

መድን ስለ ገባ ሰው ግዴታም እንናገር። በእድር ውስጥ ያልሞተን ሞተ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ቢኖር ጎረቤቶቹ ሁሉ ያፍሩበታል፤ የማን ገንዘብ እንደ ወሰደ ይታወቃልና። በኩባንያ መድን ግን የባለገንዘቦቹ ፊት አይታይም። ስለዚህ አሮጌ ስልኩን ሆን ብሎ ሰብሮ፣ ወይም ሸጦ «ተሰረቀብኝ» ብሎ ካሳ የሚጠይቅ ሰው የጎዳው ሰው ያለ አይመስለውም። ሕጉ ሆን ተብሎ ለደረሰ ጉዳት ካሳ አይሰጥም፤ ሕሊናም ከሕጉ በፊት ይከለክላል። የዚያ ሐሰት ዋጋ በሚመጣው ዓመት አረቦን ላይ ተጨምሮ በእውነት ስልካቸው የተሰበረባቸው ድኾች ይከፍሉታል። መድን ሰጪውም በበኩሉ የማይከፍልበትን ሁኔታ በደቃቅ ፊደል ሸሽጎ ቢሸጥ፣ የሚሸጠው መተማመንን ሳይሆን የመተማመንን ጥላ ነው።

«አረቦኑን የምከፍለው ለትርፍ አይደለም፤ ለልቤ ዕረፍት ነው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ይህ አሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ይሁን እንጂ ለሚሰበር ነገር ሁሉ ዕረፍትን በገንዘብ መግዛት የጀመረ ሰው መጨረሻ የለውም፤ ዛሬ ለስልኩ፣ ነገ ለቴሌቪዥኑ፣ ከነገ ወዲያ ለሰዓቱ ይከፍላል። የደጋው ገበሬ በረዶ እንደሚወርድ ያውቃል፤ ስለዚህ ዘሩን በተለያየ ማሳ ይዘራል፣ ከመኸሩም ከፍሎ በጎተራ ያኖራል፤ ከዚያ በኋላ ተኝቶ ያድራል። የስልክ ባለቤትም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው በጥቂት ብር ከቨርና የመስታወት መከላከያ ያደርግለት፤ አረቦን ሊከፍል የነበረውንም ገንዘብ በየወሩ ለይቶ ያስቀምጥ። ስልኩ ቢሰበር ያስጠግንበታል፤ ባይሰበር ገንዘቡ የራሱ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ ጥያቄ እንመለስ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ጎረቤታችን ፎገራ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። በዚህ መድን አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣሉ፤ ለመክፈል አቅም ለሌላቸው ድኾች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሕመም እንደ ስልክ አይደለም። ስልክ ቢሰበር ዋጋው ይታወቃል፤ ከዚያም አያልፍም። አንድ ቀዶ ሕክምና ግን በሬ ሊያሸጥ፣ መሬት በዕዳ ሊያሲዝ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ሊያስቀር ይችላል። ሸክሙ ለአንድ ቤት የማይቻል፣ ለብዙ ቤቶች ግን የሚቻል ነው። ሃምሳ ሎሚ የተባለው ይህ ነው። የስልክ ስክሪን ግን ከአንድ ሎሚ አይበልጥም።

ስለዚህ ለመምህሩ የሰጠነው ምክር ይህ ነበር፤ ወንድምህ ገንዘቡን ይላክልህ፤ በመጀመሪያ የቤተሰብህን የጤና መድን መዋጮ ክፈል፤ የእድርህን አታስተጓጉል፤ የተረፈውን ለስልኩ ጥገና አስቀምጥ። የስልኩ መድን ግን ይቅር።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ይህንን ጉዳይ ከምእመናን ጋር ስትወያዩበት አንድ ጥያቄ አክሉበት። በመካከላችን ስልኳ ቢሰበር ማስጠገኛ የሌላት፣ ከባሕር ማዶ ካለች ልጇ ጋር የምትነጋገርበት ሌላ መንገድ የሌላት እናት አለችን? ካለች ለእርሷ ያ ስክሪን ሃምሳ ሎሚ ነው። ራሳችን ልንሸከመው የምንችለውን ለመድን ሰጪ ባለመክፈላችን ያተረፍነው ጥቂት ብር፣ ለእርሷ ሸክም ቢውል አላግባብ የወጣ አይሆንም።