ሽማግሌ ስንመርጥ የምናየው ምንድን ነው? (የሐዋርያት ሥራ 11፥19-26)

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን የያዛችሁም፣ በስልካችሁ የምታነቡም፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11ን ክፈቱልኝ።

እንደምታውቁት በሚቀጥለው ወር የሽማግሌዎች ምርጫ አለን። ዛሬ የማንንም ስም አልጠራም፤ ለማንም አልቀሰቅስም። ነገር ግን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድን ወንድም «ይህ መሪ ነው» የምንለው ምኑን አይተን ነው?

እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ማይክ ሲይዝ የማይፈራውን፣ በስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚናገረውን፣ ከሁሉ ጋር ቶሎ የሚግባባውን ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ስጦታ ነው። ነቢዩ ሳሙኤልም በእሴይ ቤት ኤልያብን ሲያይ የተቀባው ይህ ነው ብሎ አስቦ ነበር። እግዚአብሔር ግን ቁመቱንና መልኩን እንዳያይ ነገረው (1ኛ ሳሙኤል 16፥6-7)። ሳሙኤል እንኳ ከተሳሳተ፣ እኛማ!

የስብዕና ተመራማሪዎችም ወደዚህ የሚቀርብ ነገር አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቲሞቲ ጀጅና ባልደረቦቹ ስለ ስብዕናና ስለ መሪነት የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው መረመሩ። ከሁሉ ይልቅ ከመሪነት ጋር ተያይዞ ያገኙት ተግባቢነትንና ተናጋሪነትን ነው። ነገር ግን ልብ በሉ! ይህ ጠባይ ይበልጥ የተያያዘው ሰውየው በሌሎች ዘንድ እንደ መሪ ከመታየቱ ጋር ነው፤ ሥራውን በሚገባ ከመምራቱ ጋር ያለው ግንኙነት ከዚያ ያነሰ ነው። መሪ መምሰልና መምራት አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ አንጾኪያ እንሂድ። ይህችን ቤተ ክርስቲያን የጀመሯት እንደ እኛ ከአገራቸው የወጡ ሰዎች ናቸው። በእስጢፋኖስ ምክንያት በተነሣው ስደት ተበትነው የመጡ ናቸው። አይሁድም ግሪኮችም ያሉባት፣ ቋንቋውና ልማዱ የተደባለቀባት ጉባኤ ናት። ኢየሩሳሌም ማንን ላከችላቸው? በርናባስን።

የበርናባስን ጠባይ እዩ። አንደኛ፣ ሲደርስ የእግዚአብሔርን ጸጋ አይቶ ደስ አለው። ጉድለት ሊፈልግ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን አበረታታቸው። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲሰፋ ሳውልን ፍለጋ እስከ ጠርሴስ ሄደ። ሁሉም በሚፈሩት ጊዜ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው እርሱ ነበር (9፥26-27)። አሁን ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ሊያስተምር የሚችለውን ሰው ራሱ አመጣ። በምዕራፍ 13 መጀመሪያ ላይ «በርናባስና ሳውል» እናነባለን፤ ወረድ ብለን «ጳውሎስና በርናባስ» እናገኛለን። ስሙ ወደ ኋላ ሲሄድ በርናባስ አኮረፈ የሚል ቃል አላገኘሁም። እኛ ጋ ግን የስም ቅደም ተከተል ስንት ጉባኤ ከፍሏል? ሦስተኛ፣ ጳውሎስ አንወስደውም ያለውን ማርቆስን በርናባስ ይዞት ሄደ (15፥37-39)። በኋላ ጳውሎስ ራሱ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ጻፈ (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11)።

በርናባስ ግን ፍጹም አልነበረም። በገላትያ 2፥13 እንደምናነበው ሌሎች በግብዝነት ሲያፈገፍጉ እርሱም አብሮ ተወሰደ። ለሰው የሚራራ ልብ፣ ሰውን ላለማስቀየም ብሎ እውነትን ሊተው ይችላል። በዚያን ቀን የጳውሎስ ቁርጥ ያለ ንግግር አስፈለገ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ አንድ ዓይነት ጠባይ ብቻ አትምረጡ። ሐዋርያት በየቤተ ክርስቲያኑ የሾሙት ሽማግሌዎችን እንጂ አንድ ሽማግሌ አይደለም (14፥23)። ገሩም ቆራጡም፣ ዝምተኛውም ተናጋሪውም ያስፈልጉናል፤ እርስ በርስ ከተደማመጡ።

እንግዲህ ከምርጫው በፊት በጸሎት ስለ እያንዳንዱ እጩ እነዚህን ጠይቁ። ሲቃወሙት ምን ይሆናል? ያድራል ወይስ ያኮርፋል? ከእርሱ የተሻለ አገልጋይ ሲመጣ ቦታ ይለቅቃል? አዲስ የመጣ ስደተኛ ወረቀቱን ይዞ ሲቸገር ማን ጋ ይደውላል? የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ እሑድ የማትገኘውን እህት ማን ያስታውሳታል? መልሱ መድረክ ላይ አይተነው የማናውቀው ሰው ሊሆን ይችላል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ኤጲስ ቆጶስ ሲጽፍ የዘረዘረው በአብዛኛው ጠባይ ነው፦ እንግዳ ተቀባይ፣ የማይከራከር፣ ገንዘብን የማይወድ (1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥2-7)።

አንዳንዶቻችሁ «እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ ለመሪነት አልተፈጠርኩም» ትላላችሁ። ማን ነገራችሁ? ጠባያችሁን ለጌታ ስጡት። ተናጋሪ የሆናችሁም፣ አፋችሁን የሰጣችሁ ጌታ ጆሮም እንዲጨምርላችሁ ለምኑት። ይህች ቤተ ክርስቲያን ልጆቻችን ነገም የሚሰበሰቡባት ቤት ናት፤ በምንመርጣቸው ሰዎች እጅ ትቆማለች ወይም ትሰነጠቃለች።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ አንተ ልብን ታያለህ፤ ዓይናችንን አብራልን። ከወዳጅነት፣ ከዘርና ከአድልዎ ጠብቀን። በርናባሶችን አስነሣልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።